ሕፃናትና ውሃ፦ የዋና ክሂል ከዕድገት ጋር እንዴት እንደሚዳብር

መግቢያ

በየዓመቱ ጥር 11 ቀን በጎንደር ከተማ በአፄ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ የሚሰበሰበው ሕዝብ፥ ጸሎቱ ተፈጽሞ ውሃው ከተባረከ በኋላ ወጣቶችና ታዳጊ ልጆች እየዘለሉ ወደ ውሃው ሲገቡ ይመለከታል። ከነዚህ አንዱ እንደ ዘለለ ተገልብጦ በጀርባው ይንሳፈፋል፤ ሌላው አንገቱን ቀና አድርጎ በሁለት እጁ ውሃውን እየቧጠጠ ወደ ዳር ይሸሻል፤ ሦስተኛው ደግሞ የሰው እጅ ደርሶ እስኪያወጣው ድረስ ባለበት ይንፈራገጣል። ሦስቱም በአንድ የዕድሜ ክልል የሚገኙ ሊሆኑ ይችላሉ። ታዲያ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት ከምን የመጣ ነው? ከተፈጥሮ ስጦታ ነውን? ከድፍረት ነውን? ወይስ ከትምህርት?

ጥያቄው የጨዋታ ጥያቄ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ እንደ ገመተው፥ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች በውሃ ሰጥመው ሞተዋል። ከሟቾቹ መካከል ወደ ሩብ የሚጠጉት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። ከ10 ሟቾች መካከል ከ9 የማያንሱት የሞቱት ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው። ልጆቻችን ከብት የሚያጠጡት፥ ልብስ የሚያጥቡት፥ ወደ ትምህርት ቤት የሚሻገሩት በወንዝ፥ በኩሬና በሐይቅ ዳር ስለ ሆነ፥ ነገሩ በቀጥታ ይመለከተናል።

ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው አንድ ዋና ሐሳብ ነው። ይኸውም የውሃ ክሂል በአንድ ቀን ድፍረት የሚገኝ ሳይሆን፥ ከልጁ የአካልና የአእምሮ ዕድገት ጋር በደረጃ የሚገነባ መሆኑ፤ ከደረጃዎቹም ብዙዎቹን የመዋኛ ገንዳ የሌለው ትምህርት ቤት ጭምር ሊያስተምራቸው መቻሉ ነው።

ዋና መቻል ምን ማለት ነው?

በተለምዶ አንድ ልጅ "ዋና ይችላል" የሚባለው ከወንዙ ዳር ተነሥቶ ወደ ማዶ ሲሻገር ነው። ይህ አባባል ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በዘርፉ የታወቁ ተመራማሪዎች ባወጡት ጽሑፍ አንድን ሰው በውሃ ውስጥ ከአደጋ ሊጠብቁት የሚችሉ 15 ክሂሎችን ዘርዝረዋል። ከነዚህም መካከል በደኅና መግባትና መውጣት፥ ትንፋሽን መቈጣጠር፥ መንሳፈፍ፥ በውሃ ውስጥ መገልበጥና መዞር፥ የውሃውን አደገኛነት ማወቅ፥ የራስን ዐቅም በትክክል መመዘንና በአደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት ይገኙባቸዋል። እጅና እግርን እያንቀሳቀሱ ወደ ፊት መሄድ፥ ማለትም እኛ ዋና የምንለው፥ ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ነው።

የእነዚህን ክሂሎች ቅደም ተከተል ለመረዳት ጥቂት የሳይንስ ዕውቀት ያስፈልጋል። የሰው አካል እፍጋት ከውሃ እፍጋት ጋር ተቀራራቢ ነው። ሳንባ አየር በሞላ ጊዜ አካል ለመንሳፈፍ ያደላል፤ አየሩ በወጣ ጊዜ ለመስጠም ያደላል። በአርኪሜድስ ሕግ መሠረት ውሃ የሚደግፈው በውስጡ የገባውን የአካል ክፍል ብቻ ስለ ሆነ፥ ራሱን ከውሃ በላይ ቀና ያደረገ ልጅ የራሱ ክብደት በሙሉ ተመልሶ ይጫነዋል፤ እግሮቹም ወደ ታች ይወርዳሉ። የፈራ ልጅ በተፈጥሮው የሚያደርገው ግን ይህንኑ ነው፦ አንገቱን ያቀናል፥ ጡንቻውን ያኮማትራል፥ ትንፋሹን ያቆራርጣል፥ እጁን ወደ ላይ ያነሣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት የእጅና የእግር እንቅስቃሴ ሳይሆን፥ ትንፋሽን መያዝና መልቀቅ፥ ፊትን በውሃ ማስነካትና አካልን ማላላት መሆን አለበት።

ልጅን ወደ ጥልቅ ውሃ ወርውሮ "ራሱ ይልመድ" የሚለው አሮጌ ዘዴ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ዘዴ ልጁን የሚያስተምረው ፍርሃትን ነው፤ ፍርሃትም የሚያስተምረው አካሄድ በሙሉ ወደ መስጠም የሚያደላ ነው። በዚህ መንገድ ዋና የለመዱ ሰዎች መኖራቸው አይካድም። ነገር ግን የምንሰማው በሕይወት ከወጡት አፍ ብቻ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ከልደት እስከ 2 ዓመት

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ማይርትል ማክግሮ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመችው ጥናት፥ ከተወለዱ ጥቂት ቀናት ከሆናቸው አንሥቶ እስከ ሁለት ዓመት ተኩል የደረሱ 42 ሕፃናትን በውሃ ውስጥ ተከታትላ ሦስት ደረጃዎችን ለይታለች። በመጀመሪያው ደረጃ ጨቅላው በደረቱ በውሃ ላይ ሲደገፍ እጅና እግሩን በሥርዐት ያወናጭፋል፤ ሲያዩትም የሚዋኝ ይመስላል። ይህ ግን ሲወለድ አብሮት የመጣ፥ ፈቃዱ ያልገባበት እንቅስቃሴ ነው። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ያ ሥርዐት ይጠፋና ሁለተኛው ደረጃ ይተካዋል፤ ሕፃኑ ይንፈራገጣል፥ ይገለበጣል፥ የሚደግፈውን ሰው ይይዛል። ሦስተኛው ደረጃ፥ ማለትም በፈቃድ የሚደረግ እንቅስቃሴ፥ የሚታየው ሕፃኑ በእግሩ መሄድን ወደሚለማመድበት ዕድሜ ሲቃረብ ነው።

ከዚህ ግኝት ለወላጆች የሚተርፍ ትልቅ ትምህርት አለ። "ሕፃን ሲወለድ ዋናተኛ ነው፤ የሚያስረሳው ሰው ነው" የሚለው አስተሳሰብ መሠረት የለውም። ጨቅላው እጅና እግሩን ቢያወናጭፍም ራሱን ከውሃ አውጥቶ መተንፈስ አይችልም። ትንፋሹን ለጥቂት ጊዜ ቢይዝም ብዙ ውሃ ሊውጥ ይችላል፤ ብዙ ውሃ መዋጥም በደም ውስጥ ያለውን የጨው መጠን አውርዶ ሕፃኑን ለከባድ ሕመም ይዳርገዋል።

የሕፃን የአካል ቅርጽም የራሱ አደጋ አለው። አዲስ የተወለደ ሕፃን ራስ ከቁመቱ ሩብ ያህሉን ይይዛል፤ በዐዋቂ ሰው ግን አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው። በዚህ ምክንያት ገና መሄድ የጀመረ ሕፃን ወደ ባልዲ ወይም ወደ ሳፋ ሲያጐነብስ የራሱ ክብደት ወደ ፊት ይደፋዋል፤ ተመልሶ ለመቃናት የሚያስችል የክንድና የወገብ ጥንካሬም ገና የለውም። ለእንዲህ ያለው ሕፃን 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ይበቃዋል። አሟሟቱም ድምፅ የለውም፤ ጩኸት ትንፋሽን ይፈልጋልና። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ የውሃ ትምህርት የሚሰጠው ለሕፃኑ ሳይሆን ለአሳዳጊው ነው። ባልዲ ይደፋ፤ በርሜል ይከደን፤ ጕድጓድ ይታጠር፤ ሕፃኑም እጅ ከሚደርስበት ርቀት አይለይ። በሳፋ ውስጥ በአሳዳጊ እጅ ተይዞ መንቦጫረቅ፥ ውሃ በራሱ ላይ ሲፈስ መልመድ፥ በጨዋታ ፊትን ማርጠብ ግን ለወደፊቱ መልካም መሠረት ይጥላሉ።

ከ3 እስከ 5 ዓመት

በዚህ ዕድሜ ልጁ ይሮጣል፥ ይዘላል፥ በአንድ እግሩ ለመቆም ይሞክራል፤ ትእዛዝንም ሰምቶ ይፈጽማል። ውሃ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው በየብስ የሚያውቀውን ነው። አካሉ እንደ ቆመ ሆኖ እግሩ እንደሚሮጥ ሰው ይመላለሳል፥ እጆቹም ከደረቱ በታች ውሃውን ይቧጥጣሉ። በተለምዶ የውሻ ዋና የሚባለው ይህ ነው። መምህሩ ይህን እንደ ጥፋት ሊያየው አይገባም፤ በየትም አገር ያሉ ልጆች የሚያልፉበት ደረጃ ነው። ልጁ መንሳፈፍን እየተማመነበት ሲሄድ አካሉ ከቋሚነት ወደ አግድሞሽ ይለወጣል፤ ቀጥሎም የእግሩ ምት ከጉልበት ወደ ዳሌ ይሸጋገራል፤ በመጨረሻም እጁን ከውሃ በላይ አውጥቶ ወደ ፊት መዘርጋት ይችላል።

ትምህርቱን ቀደም ብሎ መጀመር ምን ያህል ይጠቅማል? በአውስትራልያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተደረገ ጥናት በ2፥ በ3 እና በ4 ዓመታቸው ትምህርት የጀመሩ ልጆች የነጻ ዋናን መሠረታዊ እንቅስቃሴ የቻሉት ሁሉም አምስት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆናቸው ነበር። በ2 ዓመቱ የጀመረው ልጅ እዚያ ለመድረስ በ4 ዓመቱ ከጀመረው ይልቅ ረጅም ጊዜ ፈጀበት ማለት ነው። አካል ሳይደርስ ትምህርት ብቻውን ሊያስቸኵለው አይችልም።

ከዚህ የተነሣ ትምህርቱ እስከ 5 ዓመት ይቈይ ማለት ግን አይደለም። ከውሃ ጋር መለማመድ፥ መንሳፈፍና ወደ ዳር መመለስ ከነጻ ዋና በፊት የሚገኙ ክሂሎች ናቸው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ከ1 እስከ 4 ዓመት በሆናቸው ሕፃናት ላይ የዋና ትምህርት መውሰድ በመስጠም ከመሞት አደጋ ጋር በ88 በመቶ ቅናሽ ተያይዞ አግኝቶታል። የተጠኑት ልጆች ቍጥር ጥቂት ስለ ነበረ አኃዙን በጥንቃቄ መውሰድ ያስፈልጋል። ቢሆንም ትምህርቱ ሕፃናቱን አጉል ደፋር አድርጎ ለአደጋ ያጋልጣቸዋል የሚለውን ስጋት ጥናቱ አልደገፈውም።

ከ6 እስከ 9 ዓመት

ይህ ዕድሜ ለዋና ትምህርት እጅግ የተመቸ ነው። ልጁ ሁለት ሦስት እንቅስቃሴዎችን በአንድ ጊዜ ማቀናጀት ይጀምራል። ለምሳሌ ያህል በነጻ ዋና እጅ ሲዘረጋ፥ እግር ሲመታና ፊት ወደ ጎን ዞሮ አየር ሲወሰድ ሦስቱ በአንድ ምት መግጠም አለባቸው። ከሁሉም የሚዘገየው የትንፋሹ ክፍል ነው። ብዙ ልጆች ትንፋሻቸውን ይዘው ጥቂት ሜትሮች ይሄዱና አየር ሲያጥራቸው ይቆማሉ። መድኃኒቱ አየርን ከውሃ በታች በአፍና በአፍንጫ ቀስ አድርጎ መልቀቅ፥ ከውሃ በላይ መሳብ ነው። ይህንንም በአንድ ሳፋ ንጹሕ ውሃ ከክፍል ውጭ ማለማመድ ይቻላል። የደረት ዋና ግን ጉልበትንና ቍርጭምጭሚትን እንደ እንቁራሪት ወደ ውጭ አዙሮ መምታትን ስለሚጠይቅ ለብዙ ልጆች አስቸጋሪ ነው።

መምህሩ በዚህ ዕድሜ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል አለበት። አንደኛው ብርድ ነው። ውሃ ከአየር ይልቅ ሙቀትን በ25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር የቆዳው ስፋት ከዐዋቂ ሰው ይበልጣል። በደጋው ወንዞቻችን ከንፈሩ የጠቈረና የሚንቀጠቀጥ ልጅ ምንም አይማርም፤ ወዲያው መውጣትና መድረቅ አለበት። ሁለተኛው በልጆች መካከል ያለው የዕድል ልዩነት ነው። ወንዶች ልጆች ከብት ሲጠብቁ ከታላላቆቻቸው ዋና ይለምዳሉ። ሴቶች ልጆች ግን ውሃ ለመቅዳትና ልብስ ለማጠብ በየቀኑ ወደ ወንዝ ቢወርዱም ለመዋኘት እምብዛም አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ ከውሃ ጋር በየዕለቱ የሚገናኙት ልጆች ዋና የማያውቁ ሆነው ይቀራሉ ማለት ነው። ይህ ልዩነት የባህል እንጂ የተፈጥሮ አለመሆኑን መምህሩ ለወላጆች ማስረዳት ይገባዋል።

ከ10 እስከ 14 ዓመት

በዚህ ጊዜ ጡንቻና ሳንባ ይጠነክራሉ፤ ልጁ ረጅም ርቀት ለመዋኘት ይበቃል። ነገር ግን ዐቅሙ ባደገ መጠን ፍርዱ አብሮት ላያድግ ይችላል። ጓደኞቹ እየተመለከቱት ከሆነ በተለይ ይህ ይብስበታል። ጸጥ ባለ ውሃ የለመደ ልጅ ያንኑ ችሎታውን በሚፈስ ወንዝ አገኘዋለሁ ብሎ ያስባል። በኖርዌይ የ11 ዓመት ልጆችን ችሎታ በጸጥተኛና በሚናወጥ ውሃ ያነጻጸረ ጥናት ግን በሚናወጠው ውሃ ችሎታቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል። የሚፈስ ውሃ የሚገፋበት ኃይል ደግሞ በፍጥነቱ ልክ ብቻ አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ትናንት እስከ ጉልበት ደርሶ ያሻገረ ወንዝ ዛሬ ከዚያው ጥልቀት ሳያልፍ ሰውን ሊጥል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት በግንቦት ወር መጨረሻ የዕጩ መምህራንን የማስተማር ልምምድ ለመከታተል ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት በሄደበት ጊዜ መምህራኑንና ተማሪዎቹን በሐዘን ላይ አገኛቸው። ከሁለት ቀን በፊት ከትምህርት ቤት ሲመለስ የነበረ የ5ኛ ክፍል ተማሪ በደራሽ ውሃ ተወስዶ፥ ሊያወጣው ዘሎ የገባው ጓደኛውም አብሮት ሞቷል። የመጀመሪያው ልጅ ዋና አያውቅም፤ ሁለተኛው ግን በመንደሩ የታወቀ ዋናተኛ ነበረ። በዳር ቆመው ይጮኹ የነበሩት ልጆች አብዛኞቹ በእጃቸው ዱላ ይዘው ነበር። ዱላ ሰው እንደሚያወጣ የነገራቸው አልነበረም። ከመምህራኑ አንዱ ሲናገር፥ "ስለ ወንዝ ያስተማርናቸው መነሻውንና መድረሻውን ብቻ ነው" አለ።

ይህ ንግግር ከማንኛውም የጥናት ውጤት ይልቅ የሥርዐተ ትምህርት ባለሙያን ሊያሳስበው ይገባል። ሁለተኛው ልጅ የጎደለው የዋና ችሎታ አልነበረም፤ የጎደለው የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ አንቆ እንደሚይዝ፥ ስለዚህም ማዳን የሚቻለው ከዳር ሆኖ መሆኑን ማወቅ ነበር። ይህን ዕውቀት ለማስተማር ደግሞ አንድ ባልዲ ውሃ እንኳ አያስፈልግም።

አካባቢ ምን ያህል ይወስናል?

ልጅ የሚለምደው አካባቢው የሚጠይቀውን ነው። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ባሕር ላይ የሚኖሩት የሞከን ሕዝብ ልጆች ከባሕር ሥር ምግብ ሲለቅሙ ያድጋሉ። ስዊድናዊቷ ተመራማሪ አና ጊስሌን እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳወቀችው፥ እነዚህ ልጆች በውሃ ውስጥ የማየት ችሎታቸው ከአውሮፓ ልጆች እጥፍ ያህል የተሻለ ነበር። ቀጥሎ በተደረገው ጥናት ግን የአውሮፓ ልጆችም ሲለማመዱ ወደዚያው ችሎታ ደርሰዋል። በጣና ዳር ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ልጆችን የሚያይ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም።

ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ምሳሌ ግን ከባንግላዴሽ የሚገኘው ነው። በዚያ አገር የገጠር ቤቶች በኩሬዎች የተከበቡ ስለ ሆኑ በርካታ ሕፃናት ይሰጥሙ ነበር። የተመረጠው መፍትሔ የግንብ መዋኛ መሥራት አልነበረም። በየመንደሩ ኩሬ ውስጥ የቀርከሃ መድረክ ተሠርቶና ዙሪያው ታጥሮ፥ ከዚያው ከመንደሩ የሠለጠኑ ወጣቶች ከ4 ዓመት በላይ ያሉ ልጆችን እንዲያስተምሩ ተደረገ። አንድ ልጅ ትምህርቱን ጨረሰ የሚባለው 25 ሜትር ሲዋኝ፥ ለ30 ሴኮንድ ሲንሳፈፍና የማዳን ዘዴን ሲያሳይ ነው። ከዚያ በታች ላሉት ሕፃናት ደግሞ እናቶች በሥራ ላይ በሚሆኑባቸው ሰዓቶች የሕፃናት ማቆያ ተከፈተላቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት እንዳመለከተው፥ ዋና በተማሩት ልጆች የመስጠም ሞት በ93 በመቶ፥ በማቆያው በዋሉት ሕፃናት ደግሞ በ82 በመቶ ቀንሷል። ትናንሾቹ የዳኑት በዋና ሳይሆን በጥበቃ፥ ትልልቆቹ በትምህርት መሆኑ ከላይ ስለ ዕድሜ ደረጃዎች የተነገረውን ያጸናል።

የውሃው ዐይነት

የአገራችን መምህር ሌላም ኀላፊነት አለበት። ልጆችን ወደ ውሃ ከመውሰዱ በፊት ውሃውን መመርመር ይኖርበታል። በብዙ ወንዞቻችንና ሐይቆቻችን ዳር የቢልሃርዝያ ተውሳክ ይገኛል። ተውሳኩ በቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ወደ ውሃ ይወጣና የሰውን ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አስተውለው ለምርምር የተነሡት ይህንኑ በሽታ ለመከላከል ነበር። በበሽታው ይበልጥ የሚጠቁት በውሃ የሚጫወቱ፥ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ቦታ ከመመረጡ በፊት የአካባቢውን የጤና ባለሙያ ማማከር ግዴታ ነው። አዞ ባለባቸው ወንዞች፥ እንደ ባሮ ባሉት፥ የነዋሪውን ምክር ሳይሰሙ ልጆችን ወደ ውሃ ማስገባት ፈጽሞ አይገባም። የሚጥል በሽታ ያለበትም ልጅ ከሌሎች ይልቅ ለመስጠም የተጋለጠ ስለ ሆነ፥ ሳይገለል፥ ነገር ግን ሁልጊዜ በቅርብ በሚጠብቀው ሰው ዐይን ሥር ሆኖ ይማር።

ገንዳ የሌለው ትምህርት ቤት ምን ያስተምር?

መዋኛ ገንዳ የሚገኘው በጥቂት ሆቴሎችና እንደ ሶደሬ ባሉ የፍል ውሃ መዝናኛዎች በመሆኑ፥ ለአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የሩቅ ነገር ነው። እንደዚያም ሆኖ የሚከተለውን ማድረግ ይቻላል።

ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል፦ በአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ልጆቹ በሰፈራቸው ያሉትን ውሃዎች ይዘርዝሩ፤ የትኛው ጥልቅ፥ የትኛው ደራሽ የሚመጣበት እንደ ሆነ ከወላጆቻቸው ጠይቀው ይምጡ። ሦስት ደንቦችን በቃላቸው ይያዙ፦ ብቻ አለመግባት፥ የደፈረሰና የሞላ ውሃ አለመሻገር፥ ጥልቀቱ ወደማይታወቅ ውሃ አለመዝለል። በሳፋ ንጹሕ ውሃ ፊትን ነክሮ ትንፋሽ መልቀቅን በየተራ ይለማመዱ፤ ውሃውም ለእያንዳንዱ ልጅ ይለወጥ።

ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል፦ በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ በሜዳ ላይ የማዳን ልምምድ ይደረግ። አዳኙ በደረቱ ተኝቶ ዱላ ያቀብላል፤ ዱላ ካልደረሰ ገመድ ወይም የተቋጠረ ጋቢ ይወረውራል፤ ይህም ካልሆነ የሚንሳፈፍ ነገር ይጥላል፤ ሁልጊዜም ዐዋቂ ሰው ይጣራል፤ ራሱ ግን አይገባም። ክዳኑ የተጠበቀ ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካን የራሱ ክብደት ተቀንሶ 19 ኪሎ ግራም ያህል መሸከም ይችላል። አካል በውሃ ውስጥ ሲሆን ክብደቱ እጅግ ስለሚቀንስ፥ ይህ ራስን ከውሃ በላይ ለማቆየት ከበቂ በላይ ነው።

7ኛና 8ኛ ክፍል፦ የመንሳፈፍ ሕግና የወራጅ ውሃ ግፊት በሳይንስ ትምህርት ከዚሁ ጋር ይያያዙ። ከውሃ የወጣና የማይተነፍስ ሰውን መርዳትም በዚሁ ደረጃ በሠለጠነ ሰው አማካይነት ይሰጥ። በየቦታው እንደሚታየው ዘቅዝቆ ማንጠልጠልም ሆነ ሆድን መጫን ጊዜ ከመግደልና ከመጉዳት በቀር ጥቅም የለውም። የሚያስፈልገው ወዲያውኑ አፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠትና የደረት ግፊት መጀመር ነው። አእምሮ ያለ አየር ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነውና የሚቆየው።

ደኅንነቱ የተረጋገጠ ውሃ በሚገኝበት ቦታ ደግሞ ከትንሹ ልጅ ደረት የማያልፍ ጥልቀት ያለው ክፍል በገመድ ይከለል። ለአንድ አሠልጣኝ ከአምስት የማይበልጡ ልጆች ይሰጡት፤ ከዳር ሆኖ የሚቈጥርና የሚጠብቅ ሌላ ሰው ይመደብ። ትምህርቱ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂድ፦ ትንፋሽ፥ በሆድና በጀርባ መንሳፈፍ፥ ከመንሳፈፍ ተነሥቶ መቆም፥ ወደ ዳር መንሸራተት፥ የእግር ምት፥ የእጅ እንቅስቃሴ፥ በመጨረሻም የሁሉም ቅንጅት። የአንዱ ደረጃ ክሂል ሳይጸና ወደሚቀጥለው መሸጋገር አይገባም።

ማጠቃለያ

በመግቢያው የተነሣውን ጥያቄ መልሰን ብንጠይቅ፥ በጎንደሩ መዋኛ በጀርባው የሚንሳፈፈውንና ባለበት የሚንፈራገጠውን ልጅ የለያያቸው ድፍረት አለመሆኑን እናገኛለን፤ ሁለቱም እኩል ደፍረው ዘለዋል። የለያያቸው አንደኛው ትንፋሹንና አካሉን እንዴት እንደሚገዛ በጊዜው መልመዱ፥ ሌላው ግን አለመልመዱ ነው። የተፈጥሮ ዕድገት ልጁን ለትምህርት ያዘጋጀዋል እንጂ ትምህርቱን ራሱን አይሰጠውም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያድነው የአሳዳጊ ዐይን ነው፤ ቀጥሎ የልጁ ክሂል፤ ከፍ ሲል ደግሞ የራሱ ፍርድ። ከሦስቱ አንዱ የሌላውን ቦታ ሊተካ አይችልም።

መምህራን ይህን ትምህርት ለመጀመር አዲስ መጽሐፍ ወይም የተለየ በጀት እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ከክረምቱ በፊት ባሉት ሳምንቶች አንድ ክፍለ ጊዜ፥ አንድ ገመድና ልጆቹ ራሳቸው ይዘውት የሚመጡት ዱላ ለመጀመሪያው ትምህርት ይበቃሉ። የወንዙ መነሻና መድረሻ በካርታ ላይ እንደሚመለከት ሁሉ፥ በመካከሉ የሚሻገረው ልጅ እንዴት በደኅና እንደሚደርስም በክፍል ውስጥ ይነገር።